የጥቁሩ እባብ ልጅነት

«የእባብ ልጅ እፉኝት» የሚለው ተረት የሚነገረው ስለ እባብ ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ክፉ ከክፉ እንደሚወለድ፣ አንዳንዴም የልጅ ክፋት ከወላጁ እንደሚብስ ለማስረዳት ሽማግሌው በዕርቅ ሸንጎ ይጠቅሰዋል፤ ባልቴቷም በቡና ዙሪያ ታነሣዋለች። ተረቱን ቃል በቃል ወስዶ፣ ከእባብ እንቁላል በእርግጥ እፉኝት ይወጣ እንደሆነ የጠየቀ ግን ብዙም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 የመፀው ወራት፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኝ አንድ መንደር ውስጥ፣ ከጎጃም የሄደ አንድ አባት ተረቱን ቃል በቃል ሥራ ላይ አዋለው።

ሰውየው ያን ቀን በግቢው የረገፈውን ቅጠል ይሰበስብ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የገባ በመሆኑ ዓይኑ በእንቅልፍ ከብዷል። ቅጠሉን በአካፋ ሲያነሣ አንዳች ነገር ከሥር ተንሸራተተ፤ ከእርሳስ እምብዛም የማይወፍር፣ ርዝመቱ ከክንድ የማያልፍ፣ በአመድማ መደብ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ከራስ እስከ ጭራ በተርታ የተደረደረበት ትንሽ እባብ ነበር። መሸሸጊያ ቢያጣ ራሱን ቀና አድርጎ አንገቱን አጠፈና የጭራውን ጫፍ አርገበገበ፤ ደረቁም ቅጠል እንደ ጸናጽል ተንሿሿ። ሰውየው ከጎረቤቶቹ ሲሰማ የኖረው፣ ኮፐርሄድ የሚባለው የአካባቢው እፉኝት ዥጉርጉር መሆኑን ነው። ሌላ ማስረጃ አልጠየቀም። አንድ ጊዜ መታው፤ ሁለተኛ መምታት አላስፈለገውም። «እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል» ይባላልና ሊወረውረው አሰበ፤ በመንደሩ ገደል ስላልነበረ ከነቅጠሉ በቆሻሻ ከረጢት ጨመረው። አካፋውን ግን፣ ገና አዲስ ስለነበረ፣ አጥቦ ወደ ቦታው መለሰው።

ይህን ሁሉ የአሥር ዓመት ልጁ በመስኮት ያይ ነበር። ያን ዕለት ምንም አልተናገረም። በማግሥቱ፣ አባቱ ለቁርስ ሲቀርብ፣ «አባዬ፣ እፉኝት አልነበረም እኮ። የጥቁሩ እባብ ልጅ ነው» አለው።

አባትየው ጥቁሩን እባብ ያውቀዋል። በየፀደዩ በአጥሩ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ ያየዋል፤ አይጥ ያጠፋል፣ መርዝም የለውም ስለሚባል ማንም አይነካውም። «ጥቁር እባብ እንዴት አድርጎ ዥጉርጉር ይወልዳል?» ብሎ ሣቀ። ልጁ ግን አልሣቀም፤ ከትምህርት ቤት በተሰጠው ኮምፒዩተር ላይ ሥዕሉን አውጥቶ ፊቱ አደረገለት። አባትየው ሥዕሉን አይቶ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ልጁ እውነቱን ነበር። በእንግሊዝኛ ራትስኔክ የሚባሉት፣ በእኛ ቋንቋ አይጥ በል እባብ ልንላቸው የምንችለው ወገኖች፣ በልጅነታቸውና በጉልምስናቸው አንድ መልክ የላቸውም። የምሥራቅ አሜሪካው ጥቁር እባብ ከግማሽ ክረምት በፊት የተጣለው እንቁላሉ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሲፈለፈል፣ የሚወጣው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ አመድማና ነጠብጣባም ፍጥረት ነው፤ ከዓይኑም እስከ መንጋጋው ጥግ የሚወርድ ጥቁር መሥመር አለው። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላው እንደ ተወለወለ ጫማ የጠቆረ፣ ከጉሮሮው ሥር ብቻ ነጭ የቀረው፣ ቁመቱ እያደር ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ እባብ ይሆናል። በዚህም ምክንያት በዚያ አገር አንድ እንግዳ ፍርድ ሲፈጸም ይታያል፤ ወላጁን በአጥር ላይ አይቶ በሰላም የሚያልፈው ሰው ልጁን በቅጠል ውስጥ ሲያገኘው በአካፋ ይቀበለዋል። እርግጥ ነው፣ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ መለያው ብዙ ነው። የኮፐርሄድ ምልክት በጀርባው ላይ ቀጠን ብሎ በጎንና በጎኑ የሚሰፋ እንደ ኮርቻ ያለ ነው፤ የልጁ የጭራ ጫፍ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቀመስ ነው፤ የዓይኑም ብሌን እንደ ድመት ቁልቁል የተሰነጠቀ ነው። የአይጥ በሉ ብሌን ክብ ነው። ነገር ግን አካፋ ያነሣ ሰው የዓይን ብሌን ለማየት ጎንበስ አይልም። ተረቱስ ቢሆን፣ ኮፐርሄድ እንቁላል የማይጥልና ልጆቹን በሕይወት የሚወልድ በመሆኑ፣ እፉኝት ከእንቁላል ሊወጣ የሚችልበት መንገድ በዚያ ግቢ ጨርሶ አልነበረም።

በ2020 ወረርሽኙ ትምህርት ቤቱን ዘጋ። ልጁ ከክፍሉ የማይወጣ፣ ከማሽን በቀር ከማንም ጋር የማይነጋገር ሆነ። እባብ ላርባ ብሎ በጠየቀ ጊዜ እናቱ አማተበች፤ አባቱ ግን፣ ሁሉም እንደ ጠበቁት ሳይሆን፣ ዝም ብሎ ቆይቶ እሺ አለ። ምናልባት ዕዳ አለብኝ ብሎ አስቦ ይሆናል። እርሱ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። በመስከረም ወር ከአንድ አርቢ የተገዛው እባብ አየር መሳቢያ ቀዳዳ ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሆኖ ቤት ገባ። ክዳኑ ሲነሣ አባትየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አመዱ ያው ነው፤ ነጠብጣቡ ያው ነው፤ ከዓይኑ የሚወርደው መሥመርም ያው ነው። ያ በአካፋ የመታው ተነሥቶ የመጣ ያህል ነበር።

ልጁ ስሙን ነብሮ አለው።

እናቲቱ ውላ አድራ ነገሩን ተቀበለች፤ የተቀበለችው ግን በውል ነው። ለነብሮ ቀለብ የሚመጡት ገና ጠጕር ያላወጡ፣ በበረዶ የደረቁ የአይጥ ግልገሎች ከአገር ቤት ከመጣው በርበሬና ከንጥር ቅቤው ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ እንዳይቀመጡ ነበር ውሉ። ስለዚህ ለአይጦቹ ሌላ ትንሽ ማቀዝቀዣ ተገዛ። ያን ያህል ወጪ ለአይጥ በመውጣቱ የሰፈሩ ዘመድ ወዳጅ ለአንድ ወር ያህል የሚያወራው አላጣም።

እባብ ከነቆዳው መልኩን ይለውጣል የሚለውን እምነት አባትየው ከልጅነቱ ይዞት ያደገ ነው። በመሆኑም ለውጡ በአንድ ቀን ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ከሥራ ንጋት ላይ ሲገባ፣ ቤተ ሰቡ ተኝቶ ሳለ፣ ኮቱን ሳያወልቅ በመስተዋቱ ሣጥን ፊት የመቀመጥ ልማድ አወጣ። የቆዳ መለወጫው ጊዜ ሲቃረብ የነብሮ ዓይን ወተት እንደ ተቀላቀለበት ውኃ ይደፈርሳል፤ መልኩም ይጠወልጋል፤ ምግብ ቢሰጡት አይበላም። ይህ የሚሆነው በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ስለሚገባ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይኑ መልሶ ይጠራል፤ ያላወቀ ሰው አለፈለት ይላል። እባቡ ግን በዚህ ጊዜ ነው አፍንጫውን ከድንጋይ ጋር እያፋተገ ከከንፈሩ ጀምሮ ቆዳውን ወደ ኋላ እየገለበጠ እንደ ካልሲ የሚያወልቀው። ዓይኑን የሚሸፍነው ገለፈት ሳይቀር አብሮ ይወጣል።

አባትየው ይህን በዓይኑ ለማየት የበቃው ከብዙ ንጋት በኋላ ነበር። ነብሮ ከአሮጌው ቆዳ ሲወጣ ግን ያው ነብሮ ነበር፤ ይልቁንም ነጠብጣቡ ታጥቦ እንደ ተሰጣ ልብስ ደምቆ ታየ። በሚቀጥለውም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ልጁ የወለቁትን ቆዳዎች በካርቶን ላይ በመርፌ ቁልፍ እያያዘ ከእያንዳንዱ ሥር ቀኑንና የእባቡን ፎቶግራፍ አደረገ። ካርቶኑ በሁለት ዓመት ውስጥ ግድግዳውን ሞላው። ያን ግድግዳ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስገርመው ነበር፤ ፎቶግራፎቹ ከአመድ ወደ ጭስ፣ ከጭስ ወደ ከሰል እየጠቆሩ ሲሄዱ፣ ቆዳዎቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ እንደ ላስቲክ ወረቀት ነጣ ብለው ይታያሉ። ጥቂት ጥላ ከጀርባቸው ላይ ይታይ እንደሆነ እንጂ የመልክ ልዩነት የላቸውም። ወላቂው ቆዳ ጥፍርና ቀንድ ከተሠሩበት ባሕርይ የተሠራ ሽፋን ነው። ቀለሙ ያለው ከዚያ በታች፣ በማይወልቀው በውስጠኛው ቆዳ ነው።

የዚህን ውስጠኛ ቆዳ አሠራር አንድ ሠዓሊ ቢሰማው አይደነቅም፤ የራሱ ሸራ አሠራር ነውና። ቢጫና ቀይ ቀለም የያዙት ሕዋሳት ከላይ ይነጠፋሉ፤ ከእነርሱ ሥር እንደ መስተዋት ብርሃን የሚመልሱ፣ ራሳቸው ግን ቀለም የሌላቸው ሕዋሳት አሉ፤ ከሁሉም በታች ሜላኒን የሚሠሩት ጥቁሮቹ ይገኛሉ። አረንጓዴ የሚባል ቀለም በብዙ እባቦች ቆዳ ውስጥ የለም። አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ከሥር የሚመለሰው ሰማያዊ ብርሃን በቢጫው በኩል ሲያልፍ ነው። በአሜሪካ ሣር ውስጥ የሚኖር አንድ ቀጭን አረንጓዴ እባብ ሲሞት ቢጫው ይፈርስና ሬሳው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በሰሜን ቬትናምና በደቡብ ቻይና ደኖች የሚኖረው፣ ባፍንጫው ላይ ቀንድ መሰል ነገር ያለው አይጥ በል እባብ ደግሞ ቡናማ ግራጫ ሆኖ ይወለድና በዓመቱ ገደማ ብረት ይመስላል፤ ወደ ሁለት ዓመቱ ሲጠጋ አረንጓዴ ይለብሳል። የፍሎሪዳው ቢጫ አይጥ በል አመድማና ነጠብጣባም ሆኖ ይወለዳል፤ ሲያድግ ነጠብጣቡን ትቶ ከአንገት እስከ ጭራ የሚወርዱ አራት ጥቁር መሥመሮች ያወጣል። የበቆሎ እባብ የሚሉት፣ በየቤቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚረባው ዘመዳቸው፣ በሕፃንነቱ የደበዘዘ ነው፤ ብርቱካኑና ቢጫው ከዕድሜ ጋር ይመጣሉ። ደብዛዛ ነው ብሎ በርካሽ የሸጠ ሰው በሦስተኛው ዓመት ይቆጨዋል፤ ነጠብጣቡን ወድዶ ጥቁሩን እባብ የገዛውም እንዲሁ ተታለልሁ ይላል። እባቡ ማንንም አላታለለም።

በነብሮ ላይ የሆነው ከእነዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ነጠብጣቡ ራሱ አልተለወጠም፤ በዙሪያው ያለው አመድማ መደብ ነው በሜላኒን እየተሞላ የጠቆረው። ጥቁሩ ነጠብጣብ በጥቁር መካከል ሰጠመ ማለት ይሻላል። ይህም በየዕለቱ የሚሆን ነገር ስለሆነ በየዕለቱ ይመለከት የነበረው አባት አላየውም። ያየችው በ2021 ክረምት መጥታ የተመለሰችውና በ2023 ዳግመኛ የመጣችው የልጁ አያት ናት።

አሮጊቷ በመጀመሪያው ጉዞዋ ነብሮን ከሩቅ አይታ «አቤት ዝንጉርጉርነቱ፤ ነብር አፍ ያለው ነብር!» ብላ ነበር። በሁለተኛው ጉዞዋ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ሜትር ከሩብ የሆነ ጥቁር እባብ ስታይ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች።

«ያኛውን የት አደረጋችሁት?»

«ያው ነው እኮ፣ እማማ።»

«እኔን አታሞኘኝ፣ ልጄ። ገድለኸዋል። እባብ መግደል ልማድህ ነው፤ ከብት ስትጠብቅም እንዲሁ ነበርህ።»

ሰውየው መልስ አልነበረውም። እናቱ ስለ 2019ኙ የሰማችው ነገር አልነበረም፤ ቃሏ ግን እዚያው ላይ አረፈ። የልጅ ልጇ ግድግዳውን አሳያት፤ ፎቶግራፍ ሊያሳምናት አልቻለም። የጉሮሮውን ንጣት አሳያት፤ «ጉሮሮው ነጭ የሆነ እባብ ሞልቷል» አለች። ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ነብር ቆዳና ስለ ኢትዮጵያዊ መልክ ያቀረበውን ጥያቄ ጠቅሳም የተፈጠረ መልክ እንደማይለወጥ አስረዳች። ልጁ በዚህ ጊዜ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ከአያቱ አንድ ራስ በልጦ ቆሟል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበላት እርሱንም ቶሎ አላወቀችውም ነበር።

በማግሥቱ ነብሮ ትልቅ አይጥ ዋጠ። አይጥ በል እባብ ሆዱ ሲሞላ ቆዳው ይለጠጣል፤ ቅርፊቶቹም ተራርቀው በመካከላቸው ያለው ነጭ ብቅ ይላል። ልጁ አያቱን ክንዷን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አመጣት። በተነፋው ወገን፣ ከጥቁሩ ሥር፣ የድሮው ነጠብጣብ አንድ በአንድ በተርታው ይታይ ነበር። አሮጊቷ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ እንደ ገና አደረገች። ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ነቢዩ የተናገረው ስለ ነብር ነው» አለች በመጨረሻ፤ «ስለ እባብ አልተናገረም።» ከዚያም ልጇን ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ እርሱም የሚገባው መስሎ አልታየውም።

በመልክ የተሳሳቱት አባትየውና እናቱ ብቻ አይደሉም። ቶማስ ሴይ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1823 ይህን ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ ካስገባው ወዲህ፣ ሊቃውንቱ ጥቁሩን፣ ቢጫውን፣ ብርቱካንማውንና በጉልምስናውም የልጅነት ነጠብጣቡን የማይለቀውን አመድማውን እንደ መልካቸው ለያይተው፣ ለየአንዳንዱ ስም ሰጥተው ኖሩ። በ2000 ፍራንክ ቡርብሪንክና ባልደረቦቹ የእባቦቹን የዘር ሐረግ ከደማቸውና ከሥጋቸው ሲመረምሩ፣ ትውልዱ በመልክ ሳይሆን በቦታ፣ በተራራና በሚሲሲፒ ወንዝ የተከፈለ ሆኖ ተገኘ። ጥቁር የሆኑት ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች አልነበሩም፤ ጥቁሩና ቢጫው ደግሞ በአንድ ቤት ተገኙ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነበብ ሊቃውንትን መንቀፍ ይቀልላል፤ ነገር ግን እነርሱም የተመለከቱት ማንም የሚመለከተውን ነው።

ልጅየው እባብ ለምን ነጠብጣብ ለብሶ ይወለዳል? መልሱ በከፊል በአኗኗሩ ውስጥ ነው። ክንድ የማይሞላ እባብ ለቁራም፣ ለጭልፊትም፣ ለሌላ እባብም ቀለብ ነው፤ ነጠብጣቡ ከዛፍ ቅርፊትና ከቅጠል ጥላ ጋር ያመሳስለዋል፤ ዝም ብሎ ከተኛም ዓይን አልፎት ይሄዳል። በ1989 ኤድመንድ ብሮዲ የተባለ ተመራማሪ በሌላ የአሜሪካ እባብ ላይ ባደረገው ጥናት፣ መሥመር ያላቸው ሲባረሩ ቀጥ ብለው እንደሚሸሹ፣ ነጠብጣባሞቹ ግን ሸሽተው ድንገት ዞር እያሉ እንደሚቆሙ አስረድቷል። ቀለምና ጠባይ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። በጃፓን የሚኖረው አኦዳይሾ የተባለ አይጥ በል ደግሞ በልጅነቱ ማሙሺ የሚባለውን የአገሩን እፉኝት ይመስላል፤ ይህ መሳሰል ከአንዳንድ ጠላት ሳያድነው አይቀርም። የቨርጂኒያውም ልጅ ጭራውን በቅጠል ውስጥ ሲያንሿሿ መርዘኛውን መምሰሉ ነው። ከጭልፊት የሚያድነው ይህ ማስመሰል ከሰው ፊት ሲደርስ የሞቱ ምክንያት ይሆናል።

አባትየው ነጠብጣቡ ባልታየው መጠን እየናፈቀው መምጣቱ ለራሱም ግራ ነበር። ነብሮ ዥጉርጉር ሳለ፣ ንጋት ላይ በፊቱ ሲቀመጥ፣ በልቡ የሚያናግረው ያንን የ2019ኙን ነበር። ጥቁሩ እባብ የሌላ ሰው እባብ መሰለው። አይጥ በል በቤት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ እንደሚኖር ልጁ ነግሮታል፤ ልጁ ቤት ለቅቆ ሲሄድ እባቡ ከማን ጋር እንደሚቀር ማንም አላነሣም፤ ሁሉም ግን ያውቁታል።

በ2024 መፀው፣ ቅጠሉ በረገፈበት ሰሞን፣ ሰውየው በዚያው ግቢ፣ በዚያው አካፋ ቅጠል ሲሰበስብ አንድ ነገር ከሥር ተንሸራተተ። አመድማ ነበር፤ ነጠብጣባም ነበር። ራሱን ቀና አደረገ፤ ጭራውንም አርገበገበ። ሰውየው አካፋውን እንደ ያዘ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ጎንበስ አለ። ልጁን ሊጠራ አስቦ ነበር፤ ልጁ ግን ከጓደኞቹ ጋር ወጥቷል። ስለዚህ ብቻውን፣ እጁን በጕልበቱ ላይ አሳርፎ፣ የዓይኑን ብሌን እስኪለይ ድረስ ተመለከተ። እባቡም እንደ ፈራ ጥቂት ቆይቶ ወደ ማገዶው ክምር ሥር ገባ።

ማታ ሚስቱ በመስኮት አይታ፣ የግቢው ቅጠል ሁሉ ተነሥቶ በማገዶው በኩል ያለው ጥግ ብቻ ለምን እንደ ቀረ ጠየቀችው።

«ነገ አነሣዋለሁ» አላት።

በረዶ እስኪጥል ድረስ አላነሣውም።